ማን ይጋልብ? የአገው ፈረሰኛ ከፋግታ እስከ እንጅባራ

በ1762 ዓ.ም. ታኅሣሥ መግቢያ ላይ፣ ዛሬ ፋግታ ለኮማ በሚባለው ወረዳ ምድር ሁለት ዓይነት ጦር ተጋጠመ። ከጎንደር የወረደው ራስ ሚካኤል ስሑል ነው፤ ወጣቱን ንጉሥ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖትን ይዞ፣ ከትግራይ ባመጣው ጠመንጃ ያዥ ተማምኖ። የጠበቀው የዳሞቱ ደጃዝማች ፋሲል ነው፤ የፋሲል መተማመኛ ፈረስ ነበር። ቀኑ የጠመንጃ ሆነ። ፋሲል ሜዳውን ለቆ ሸሸ።

ለባለአገሩ ለአገው ግን ፋግታ ሁለተኛው መከራ ነበር። ቀደም ብሎ ፋሲል ራሱ፣ ከሚካኤል ጋር ወግናችኋል ብሎ፣ አገዎችን ባንጃ ላይ ክፉኛ መትቷቸዋል። ጎንደር የምትበላው ቅቤ፣ ማርና ስንዴ ከዚህ ምድር ይሄድ ስለነበር የባንጃው ሽንፈት በቤተ መንግሥቱ ማዕድ ላይ ሳይቀር ተሰማ። መኳንንቱን የአገው ነገር የሚያሳስባቸው በዚህ በኩል ነው፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ። የኋላ ጸሐፊዎችም ከዚህ ልማድ ብዙ አልራቁም። አገው ምድር ሲነሣ ማሩ ይነሣል፣ የዓባይ ምንጭ ይነሣል፤ ፈረሱ ከተነሣም በግርጌ ነው።

ፋሲል ቢሸነፍም አልጠፋም። በዓመቱ፣ በ1763 ጥቅምት፣ የዓባይን ምንጭ አያለሁ ብሎ ከጎንደር የተነሣው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ባምባ በተባለ ስፍራ ሰፈሩ ላይ አገኘው። ደጃዝማቹ እንግዳውን መጀመሪያ ናቀው። በዚህ አገር ለመጓዝ የሚያስችል ወኔም ጉልበትም የለህም ዓይነት ነገር ተናገረው። ብሩስ ቱግ ብሎ መለሰለት። በማግሥቱ ለእንግዳው ፈረስ ቀረበለት፤ የቀረበለት ግን ሰው ያልለመደ፣ አውሬ የሆነ ፈረስ ነው። ተንኮሉ ግልጽ ነበር፦ ሰውየው በሠራዊቱ ፊት ይውደቅና ይሳቅበት።

ብሩስ አልወደቀም። ፈረሱ እስኪደክምና ላብ በላብ እስኪሆን ድረስ ዳገት ለዳገት ጋለበው፤ ሲመልሰው እንስሳው እግሩን መጎተት ጀምሮ ነበር። ከዚያ የራሱን ፈረስ አስመጥቶ፣ በግልቢያ ላይ ሆኖ በሁለት አፈሙዝ ጠመንጃው በሰማይ የሚያንዣብቡ ጭላቶችን ጣለ። ሰፈሩ በሙሉ አየ። ፋሲልም ቃናውን ለወጠ፤ ተንኮሉን የሠራውን አሽከር እቀጣለሁ እያለ ተቆጣ፣ እንግዳውን አለበሰ፣ በመጨረሻም ከራሱ ፈረሶች አንዱን ከነኮርቻው ከነልጓሙ ሰጠው። አደራውም እንዲህ ነበር፦ አትቀመጥበት፣ ባዶውን ከፊትህ አስነዳው፤ የሜጫ ሰው ይህን ፈረስ ካየ አይነካህም።

ብሩስ እንደተባለው አደረገ፤ ፈረሱን እያስነዳ በሰላም አለፈ፣ በዚያው ወር ግሽ ደረሰ። በጽሑፉ ላይ ራሱን ማጋነን የሚወድ ሰው ስለሆነ የጭላቶቹን ቁጥር ማመን አለማመን የአንባቢ ነው። ለእኔ ከዚህ ታሪክ የሚበልጥብኝ የፋሲል አሠራር ነው። ደጃዝማቹ ሰውን የሚፈትንበት ሚዛን አንድ ብቻ ነበር፤ በፈረስ ላይ ስትቀመጥ ምን ትሆናለህ? ፈተናውን ላለፈ ደግሞ ይለፍ ወረቀት አልጻፈለትም። ፈረስ ሰጠው፤ በዚያ ምድር የሚነበበው ፈረሱ ነበርና።

ብሩስ ስለ አገዎች ሲጽፍ፣ ሙሉ ኃይላቸው ከተጠራ 4 ሺህ ፈረሰኛና እጅግ ብዙ እግረኛ ማሰለፍ ይችላሉ ይላል፤ ድሮ ከዚህም የበዙ ነበሩ፣ ጦርነት አሳንሷቸዋል ሲል ያክላል። 4 ሺህ ፈረሰኛ በዚያ ዘመን የትኛውንም ራስ የሚያኮራ ጦር ነው።

ይህ ኃይል ግን በአንድ ጌታ ግቢ የሚታሰር አልነበረም። የአዊ አገው ራሱን ሰባት ቤት ብሎ ይጠራል። በትውፊቱ ሰባት ወንድማማቾች ከላስታ በኩል ተነሥተው መጥተው ምድሩን ተካፈሉት፤ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም። አብዛኛው ስም ዛሬም በወረዳና በቀበሌ ላይ ይነበባል፤ መተከል ደግሞ ዛሬ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ላለው ዞን መጠሪያ ሆኗል። ፈረሱ የቤት ነው፤ ክተት ሲታወጅ ባለፈረስ የራሱን ፈረስ ጭኖ፣ የራሱን ስንቅ ቋጥሮ ይወጣል። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከአዝማቹ ድንኳን ቀድሞ፣ በየበረቱ ነው። ከሁለት ወንድማማቾች የትኛው ይሂድ? ዳማው ይጫን ወይስ ቡላው? ደጋ ላይ ያደገው የአገራችን ፈረስ ትንሽ ነው፣ ከመሬት እስከ ትከሻው 1 ሜትር ከ30 ገደማ፤ ከባድ ሰው ቢቀመጥበት ይሸከማል፣ ሩቅ ግን አይጋልብም። ቀለል ያለው፣ መቀመጫው የጸና፣ ፈረሱ ሲደናገጥ እሱ የማይደናገጥ ልጅ ይመረጣል። ጉልበተኛው ወንድም ከእግረኛው ጋር ይሰለፋል፤ ቅር ይለዋል፣ ግን ይሰለፋል።

ሁለተኛው ምርጫ በሜዳ ላይ ነበር፤ እሱም ጉግስ ነው። ብዙ ሰው ጉግስን የጥምቀትና የሠርግ ማድመቂያ አድርጎ ያስበዋል። ነገሩ ግን ከጦርነት ወጥቶ ወደ ጦርነት የሚመለስ ልምምድ ነበር። አዝመራ ገብቶ፣ ሜዳው ደርቆ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ባለው ጊዜ ወጣቱ ይጋልባል፣ ሽማግሌውና ባላባቱ ዳር ቆሞ ያያል። ያ ማየት ሥራ ነበር። ለሚቀጥለው ዘመቻ ማን ከፊት እንደሚሰለፍ፣ ማን ለመልእክት እንደሚላክ፣ ማን ከኋላ ጓዝ እንደሚጠብቅ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ጉግስ ሁለት ወገን አለው። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፣ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ፣ አንገቱን ቆልምሞ ከኋላው የሚመጣውን ይከታተላል። አባራሪው በጦር ፈንታ ዘንግ ይዟል። ግራ እጅ ዛቡን ይጠብቃል፤ ቀኙ ይወረውራል። ውርወራው ላይ ነው ሰውና ሰው የሚለየው። ቆሞ የሚወረውር ሰው ኃይሉን የሚያገኘው ከመሬት ነው፦ እግሩን ይተክላል፣ ወገቡን ያዞራል፣ ክንዱ መጨረሻ ይመጣል። ፈረሰኛ የሚተክለው እግር የለውም። ያለው እርካብ ነው፤ የድሮው የአገራችን እርካብ ደግሞ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ቀለበት ነው። በዚያች ቀለበት ላይ ተነሥቶ፣ ጉልበቱን ከኮርቻው ጋር አጣብቆ፣ እጁን ከፈረሱ ዝላይ ጋር አስማምቶ መልቀቅ አለበት። ከቀደመ ዘንጉ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ከዘገየ ከፈረሱ ጆሮ አጠገብ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ከዳር ለሚያይ ሰው የማይታይ ነገር አለ። የፈረሱ ፍጥነት በክንዱ ኃይል ላይ ይደመራል፣ ስለዚህ በጣም የሚጋልብ በጣም ይመታል ይመስላል። ግን ሸሺውም በዚያው ፍጥነት እየሮጠ ነው፤ የተደመረው ከፊት ለፊት ተመልሶ ይቀነሳል። አባራሪው ከግልቢያው የሚያተርፈው ሸሺው ፈረሱን ለማዞር ልጓሙን በሳበበት ቅጽበት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጋሻው ከጀርባው ይላላል፣ የፈረሱ እርምጃ ይሰበራል። ብልህ ጋላቢ ዘንጉን እስከዚያ ድረስ ይቆጥባል። ችኩሉ ገና ሲነሣ ወርውሮ ባዶ እጁን ይጋልባል፤ ዳር የቆመው ሽማግሌም እሱን ለመልእክት እንኳ አይመርጠውም።

አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ያለ ዕውቀት ሕይወት የሚያተርፍበት ዘመን ነበር፤ የሚያጠፋበትም። መሳፍንቱና ጀግኖቹ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ። የሰውየው ዝና ከፈረሱ ስም ተነጥሎ አይታይም ነበር።

የጎጃም ጦር ከባድ ትምህርት የቀመሰው በ1874 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ ላይ እምባቦ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብሎ የነገሠው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዓባይን ተሻግሮ ከሸዋው ንጉሥ ከምኒልክ ጋር ገጠመ። ጎጃሞች ጠመንጃም ልብም አልጎደላቸውም። የቀኑን ውጤት የወሰነው ግን የራስ ጎበና ዳጬ የኦሮሞ ፈረሰኛ ነው። ተክለ ሃይማኖት ቆስሎ ተማረከ። ፋግታ ላይ ጠመንጃ ፈረስን አሸንፎ ነበር፤ ከ112 ዓመት በኋላ እምባቦ ላይ ፈረስ ጠመንጃ የያዘን ጦር አሸነፈ። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አያዋጋም» የሚለው ተረት ከእምባቦ የተረፈ ሰው ያወጣው ሊሆን አይችልም።

ከ14 ዓመት በኋላ ያው ንጉሥ፣ ማርኮት ከነበረው ከምኒልክ ጎን ተሰልፎ ዓድዋ ዋለ። የጎጃም ጦር ሲዘምት አገው ምድርም ፈረሱን ጭኖ ዘመተ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ወገን ከተሰለፈው ሠራዊት ውስጥ ፈረሰኛው 8 ሺህ 600 ያህል እንደነበር ይገመታል። ዓድዋ በተራራና በሸለቆ የተዋጉበት ስለሆነ ከማለዳው ውጊያ ትልቁን ሸክም የተሸከመው እግረኛው ነው። የፈረሰኛው ሰዓት የመጣው የጣልያን መስመር ሲሰበር ነው። ጄኔራል ዳቦርሚዳ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ከዋናው ጦር ተነጠለ፤ በማፈግፈጉ ላይ ፈረሰኛው ደረሰበት፣ እሱም እዚያው ወደቀ። የሚሸሽን ማባረር፣ የሚዞረውን መጠበቅ፣ ክንድን መቆጠብ፤ በጥር የሚለመደው ሁሉ በዚያ ቀን አገለገለ። ውጊያው የዋለው በጊዮርጊስ ዕለት ነው፤ ቀኑ ከፈረሰኛው ቅዱስ ጋር መግጠሙ በአገው ፈረሰኞች ልብ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው፤ ወደ ኋላ ደግሞ እንመለስበታለን።

ከዓድዋ በኋላ ፈረሱ ወደ በረቱ ተመለሰ፤ ጉግሱ ቀጠለ፣ ዘመቻው ቀነሰ። ዳንግላ ገበያዋ እየደራ ሄደ። እንግሊዞችም በዚያች ከተማ ቆንስላ ከፈቱ፤ የጣና ውኃና የዓባይ ነገር እንቅልፍ ይነሣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የተቀመጠው ቆንስል ሮበርት ቺስማን የዓባይን ሸለቆ በእግሩና በበቅሎው እየዞረ ካርታ አነሣ፤ በ1936 የጣናንና የዓባይን መጽሐፍ አሳተመ። የቺስማን የአገሩ ሰዎች የሚወዱት ጨዋታ ክሪኬት ነው፤ ለጉግስ ሩቅ ዘመድ ይሆነዋል ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ይሁን።

በክሪኬት ፈጣን ወርዋሪ የሚባለው ሰው ራሱ ፈረስ ነው። ከሩቅ ተንደርድሮ ይመጣል፣ ክንዱን ሳያጥፍ በትከሻው ላይ አዙሮ 160 ግራም ያህል የምትመዝን ጠንካራ ኳስ ይለቃል፤ ኳሷ መሬት ነክታ 20 ሜትር ገደማ ርቆ ዱላ ይዞ ወደሚጠብቀው ሰው ትነሣለች። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ለዚያ ሰው የምትሰጠው ግማሽ ሴኮንድ ያህል ነው። ፓኪስታናዊው ሾዓይብ አኽታር እ.ኤ.አ. በ2003 161.3 ኪሎ ሜትር አስመዝግቧል። በዚያም ፍጥነት ብቻውን ሰው አያስመርጥም። መራጮቹ መጀመሪያ የሚያዩት ሜዳውን ነው፦ ሣሩ እርጥብና አረንጓዴ ከሆነ ፈጣኖቹን ይጨምራሉ፣ መሬቱ ደርቆ ከተሰነጠቀ ኳስ የሚያሽከረክሩትን ያስቀድማሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ የምዕራብ ኢንዲስ ቡድን አለቃ ክላይቭ ሎይድ ይህን ሚዛን ትቶ አራት ፈጣን ወርዋሪዎችን በአንድ ላይ አሰለፈ፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካል፣ ተጋጣሚው እፎይ የሚልበት ጊዜ አያገኝም። ዓለም ለዓመታት መልስ አጣለት። እምባቦ ላይ ጎበና ያደረገውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የማያቋርጥ ግልቢያ፣ ማዕበል በማዕበል ላይ። ልዩነቱ የክሪኬቱ ሰው በወገቡ አጥንት መክፈሉ ነው። በጉግስ መጀመሪያ የሚደክመው ፈረሱ ነው፤ ስለዚህ አገው ምድር ላይ መራጩ ከሰውየው በፊት የፈረሱን ትንፋሽ ያዳምጣል።

ቺስማን በወጣ በሁለት ዓመቱ ጣልያን ገባ። በ1928 ዓ.ም. ጎጃም ተያዘ፤ ዳንግላና እንጅባራ የጣልያን ምሽግ ሆኑ። የማይጨውን የመርዝ ጢስና የአውሮፕላን ቦምብ ያየ ሰው የፈረስ ዘመን አበቃ ቢል አይፈረድበትም። የጎጃም አርበኛ ግን ሌላ ዓይነት ውጊያ መረጠ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ በዚህ አካባቢ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና በላይ ዘለቀ በሌላው ወገን ጣልያንን ከምሽጉ እንዳይወጣ አስጨነቁት። የሽምቅ ውጊያ ብርቱ መልእክተኛ ይፈልጋል። ጥይት ከቆላ ወደ ደጋ ያመላልሳል፣ ቁስለኛ ያሸሻል፣ የጠላትን ጓዝ መትቶ ሳይታይ ይሰወራል። ለዚህ ሥራ ከትንሽዬዋ የደጋ ፈረስ የተሻለ ነገር በአካባቢው አልነበረም።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በዚህ መሐል ነው፤ በ1932 ዓ.ም.። ዓመቱን ልብ ይሏል። ጃንሆይ ገና በስደት ናቸው፤ የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከአዛዥ ከበደ ተሰማ ጋር ወደ ጎጃም የገባው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። የጣልያን ባንዲራ ከዳንግላም ከእንጅባራም አልወረደም። ማኅበሩ በዓሉን ጥር 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት ላይ ተከለ፤ ፈረስ በዓድዋና በአርበኝነቱ ዘመን ለዋለው ውለታ መታሰቢያ እንዲሆን። በጠላት ዓይን ሥር ፈረሰኞች ተሰብስበው ማኅበር ሲያቆሙ፣ የጻድቅ ወይም የሰማዕት ስም ከፊት ማስቀደሙ ጥሩ ጥላ ሳይሆን አልቀረም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ግን በጽዋ ማኅበር ስም የተመከረ ስንት ነገር እንዳለ የአገራችን ሰው ያውቀዋል።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ድንበሩን ተሻገሩ። ከእርሳቸው ጋር የመጣው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦር ጓዙን የጫነው በሱዳን ግመሎች ላይ ነበር፤ ቁጥራቸው 15 ሺህ ያህል ነው። የቆላ እንስሳ ወደ ጎጃም ደጋ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ማንኛውም የዚገም ገበሬ ሊነግራቸው ይችል ነበር። ግመሎቹ በብርድና በዳገት እያለቁ፣ መንገዱን በሬሳቸው አጥረው ቀሩ። ጓዙ በአገሬው በቅሎና ፈረስ ላይ ዞረ። በየካቲት ጣልያን ዳንግላንና እንጅባራን ለቀቀ፤ ወደ ዳንግላ የመንገሻ ጀምበሬ ሰዎች ገቡ። መጋቢት ማለቂያ ላይ ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ነበሩ።

ከድል በኋላ ያሉትን ሃምሳ ዓመታት ቶሎ ማለፍ ይቻላል። መኪና መንገድ መጣ፣ ጦር ሠራዊቱ ሞተር ለበሰ፤ ፈረሰኛ ከጦር መዝገብ ወጣ። በደርግ ዘመን የሃይማኖት በዓል ጮክ ብሎ የሚከበርበት ጊዜ አልነበረም። በዚህ ሁሉ መሐል ማኅበሩ አለመበተኑ ሊገርም ይገባል። በሌላው የአገራችን ክፍል ጉግስ ከመኳንንቱ ጋር አብሮ ደክሟል፤ መራጩ ጌታ ሲጠፋ ተመራጩም ተበተነ። በአዊ ግን ምርጫው ከጌታ እጅ ወደ ማኅበር እጅ ዞሮ ነበር። ፈረሰኛው ለዘመቻ ባይጠራም ለለቅሶ ይጠራል። የአባል ወይም የታላቅ ሰው ቀብር ላይ ፈረሶች ተሸልመው ይሰለፋሉ፣ ጋላቢዎች ይፎክራሉ። ሙሽራ ሲመጣ ይወጣሉ። ሁለት ቤት ሲጣላ የማኅበሩ ሽማግሌዎች መሐል ይገባሉ፤ ደም ከማድረቅ እስከ ድንበር ክርክር ድረስ ይዳኛሉ። የዘንጉ ችሎታ የቀረው ዘንግ የያዙት ሰዎች ሌላም የሚያገናኛቸው ጉዳይ ስለነበራቸው ነው። ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእግር ኳስ ሜዳ በበላው ነበር።

ሌላው ያቆየው ነገር ማረሻው ነው። በአዊ ደጋ ወረዳዎች ፈረስ ያርሳል፤ በብዙው የአገራችን ክፍል ይህን ያልለመደ ሰው ሲያይ ቆሞ ይመለከታል። ገብስና ድንች በሚበቅልበት በዚያ ብርድ መሬት ላይ በሬ የሚሠራውን ፈረስ ይሠራል። በዳንግላና በእንጅባራ ጎዳና ደግሞ ጋሪ ይጎትታል፤ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ እህልና ሰው ያመላልሳል፣ ከፋግታ ለኮማ የሚወጣውን የግራር ከሰል ያጓጉዛል። በኢትዮጵያ ያለው ፈረስ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነው፤ አብዛኛው ዕድሜውን በሸክም ይጨርሳል። የአዊ ፈረስ ግን በዓመት አንዴ ግላስ ይለብሳል።

የአዊ ብሔረሰብ ዞን እንጅባራን፣ በድሮ ስሟ ኮሶ በርን፣ ዋና ከተማ አድርጎ ከተዋቀረ ወዲህ የጥር 23 በዓል እየገነነ መጣ። የማኅበሩ አባላት ቁጥር በቅርብ ዓመታት ከ60 ሺህ በላይ ደርሷል። በ2012 80ኛው፣ በ2017 85ኛው ዓመት ተከበረ። ከየወረዳው የሚመጡት ፈረሰኞች በቡድን በቡድን ሆነው ሲገቡ ሜዳው በአቧራ ይሸፈናል፤ ሽርጡ፣ ስግሪያው፣ ጉግሱ ይከተላል።

ሦስቱ ጨዋታዎች ሦስት ዓይነት ፈረስ ይፈልጋሉ፤ አሁን የየወረዳው ራስ ምታት ይኸው ነው። ለስግሪያ እርምጃው የተስተካከለ፣ ጋላቢው ጠላ ቢይዝ ጠብ የማያደርግበት ፈረስ ይመረጣል። ለሽርጥ ሲለቁት የሚበር። ለጉግስ ግን ከሁለቱም ሌላ ነገር ያስፈልጋል፦ በሙሉ ግልቢያ ላይ ሳለ ልጓም ሲሳብ ታጥፎ የሚዞር፣ ዘንግ በጆሮው አጠገብ ሲያልፍ የማይበረግግ። እንዲህ ያለው ፈረስ አይሮጥም ተብሎ ከሽርጥ ተጥሎ የነበረ ሊሆን ይችላል። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚዞረው ቪዲዮ ፈጣኑን ብቻ ስለሚያሳይ ወጣቱ ሁሉ ሽርጥ መጋለብ ይፈልጋል፤ ጉግስ ዘንጉን ቆጥቦ የሚጠብቅ ሰው እያጣ ነው። እንደ እኔ የየወረዳው መራጮች ለጉግሱ የሚበልጥ ሽልማት ቢመድቡ ይሻላል፤ ፈጣን ፈረስ ያለሽልማትም ጋላቢ አያጣም።

በቅርብ ዓመታት በዓሉ ላይ ሴቶችም በፈረስ ይታያሉ። በድሮው ሚዛን፣ ቀለል ያለው፣ መቀመጫው የጸና፣ ፈረሱ ሲደናገጥ የማይደናገጥ ይመረጥ ከተባለ፣ ከብዙ ወንድሞቻቸው ይቀድማሉ። ለጊዜው የሚወጡት በሰልፉ ላይ ነው። ጉግስ ላይ ዘንግ ይያዙ አይያዙ የሚለውን በየወረዳው ያሉ የማኅበሩ አባላት ይከራከሩበት።